ንፋስ በር ላይ የከመርሁት ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ሳልፍ፣ አናጢው መርሻ በሩን ከፍቶ አዲስ ጣውላ ይልግ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና መንገድ ላይ ገተረኝ። ሌላው ሰው ሽታ ሲሸተው እናቱ ትዝ ትለዋለች፣ ወይ የልጅነት ወዳጁ ትዝ ትለዋለች። እኔን አዲስ የተላገ ጣውላ የሚያስታውሰኝ ፈንጂ ነው። እኛ የቀበርነው ፈንጂ የእንጨት ሣጥን ነበረ፤ ያልተቆረጠ የልብስ ሳሙና የሚያህል፣ ክዳኑ በአንድ በኩል ገርበብ ያለ። ሲረገጥ ክዳኑ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ በቃ። ከባሕር ማዶ በመጣ ነጭ እንጨት የተሠራ ስለነበር ሽታው የአዲስ ቤት ሽታ ነበር። መቼም እንዲህ ደስ የሚል ሽታ ያለው ክፉ ነገር አላየሁም።

መርሻን ምን እየሠራህ ነው አልሁት። ለማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እግር እያበጀሁ ነው አለኝ፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት አዝዞት ነው። ያለፈው ጦርነት በዳባትና በደባርቅ ማሳ ላይ ጥሎት የሄደው፣ ሳይፈነዳ የቀረው ነገር ገና ተለቅሞ አላለቀም። ሐሙስ ጧት በቀበሌው አዳራሽ የፈንጂ ጥንቃቄ ሥልጠና ስላለ እርስዎም ተጠርተዋል አለኝ። ቀለም የተቀባ አንድ ሰሌዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቀይ ነው፣ የራስ ቅል አለበት። «አ-ደ-ጋ» ብዬ አነበብሁት። ፊደል የቆጠርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ስለሆነ ዛሬም ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ አይሆንልኝም። መርሻ ሳቁን ዋጠ። ይዋጥ፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ገበያ ወጣሁ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስሁ፤ ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። እግሬ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ጭንቅላቴ ነው እንዳላወቀ የሚሆነው።

ፈንጂውን በቀበርንበት ዘመን ደባርቅ ይህ ሁሉ ብሎኬትና መስታወት አልነበረባትም። በጭቃ የተመረገ ቤት፣ እዚህም እዚያም ቆርቆሮ፣ ከሁሉ በላይ ብርድ። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ያህል ይቆማል፣ ማማሰያ የሚባል ነገር ስለሌለ መጨረሻው ላይ በጣትህ ትጠርገዋለህ። ወደ ሊማሊሞ መውረጃው ከመድረስህ በፊት፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የከፈተችው ሻይ ቤት ነበረ። ሬዲዮኗን ጥልፍ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ዘፈን ሲመጣ ጨርቁን ትገልጠዋለች፣ ዜና ሲመጣ መልሳ ታለብሰዋለች። እኛ ከዜናው የምንሰማው እንደ ታፈነ ሰው ማጉረምረም ብቻ ነበር፤ የዘመኑን ፖለቲካ እኔ ከዚያ በላይ አላውቀውም። ሸራ ጫማ ያለው ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፣ እንዲታይለት። በረባሶ ያደረግነው እግራችንን ከወንበር ሥር እንደብቃለን። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ጩኸቱ ይሰማል፤ ሴትዮዋ ድምፁን ሰምታ ነው ውሃ የምትጥደው። ሾፌሩ ሲገባ ሻዩ ፈልቶ ይጠብቀዋል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መጠገኛ አለ። ሳልፍ አላይም፣ አንገቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

ወታደር የሆንሁበት ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ የሰማይ ቀለም ያለው የቴትሮን ሸሚዝ በአሥራ ሁለት ብር ገዛሁ። ከዳባት በእግሬ የመጣሁት ለእሱ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያሰብሁት ሸሚዝ ነው። ለብሼው ሻይ ቤት ልቀመጥ፣ እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅለል አድርጌ ልታይ። ሳልለብሰው አፈሳ መጣ። ገበያውን ከአራት ማዕዘን ዘጉት፣ ጎረምሳ የሆነውን ሁሉ ለቀሙት። ሸሚዙን በብብቴ እንዳቀፍሁ መኪና ላይ ወጣሁ። የጦር ሰፈር ደርሰን ሲያሰልፉን አንዱ ማንበብ የሚችል እጁን ያውጣ አለ። ያወጡትን ለሬዲዮና ለጽሕፈት ወሰዷቸው፣ እጁን ያላወጣ ቆፋሪ ሆነ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ዋሽቼ ባወጣው ኖሮ ብዬ።

ንፋስ በር ማለት ከወዲያ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ወደ ደባርቅ ገበያ ሲመጡ የሚያልፉበት ጠባብ የእግር መንገድ ነው። በግራው ገደል፣ በቀኙ ዳገት። እኛ አሥር ሆነን አንድ ሃምሳ አለቃ እየመራን ወጣን፤ ዳገቱ ላይ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ፈንጂ እንድንቀብር ታዘዝን። ሦስት ቀን ፈጀን፣ ሦስቱንም ቀን ጉም ነበር። የስሜንን ጉም የማያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ አይገባውም፤ አብሮህ የሚቆፍረውን ሰው ዶማ ትሰማለህ እንጂ ሰውየውን አታየውም። እኔ እቆፍራለሁ፣ ሌላው ሣጥኑን ያስቀምጣል፣ ሃምሳ አለቃው እርምጃ እየቆጠረ በጉማጅ እርሳስ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ያንን ደብተር በጣም ነበር የማከብረው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፏል፣ አንድ ቀን መጥተው በዚያ ያወጡታል ብዬ አምን ነበር። ደብተሩ የት እንደገባ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ሃምሳ አለቃውም እንደዚያው።

ልንወርድ ስንል ሆዴ እምቢ አለ። በዚህ አገሬው ያልፋል፣ የእኔው ሰው ነው የሚያልፍ። ምልክት ማድረግ ክልክል ነው፤ ሃምሳ አለቃው ጠላት ያየዋል ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆናል። ሌሎቹ ጓዛቸውን ሲሸክፉ እኔ ከመንገዱ ጠርዝ፣ የተቀበረበት ዳገት ከሚጀምርበት ላይ፣ ድንጋይ መከመር ጀመርሁ። በአባቴ ማሳ ዳር የተከመረ ድንጋይ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ድንበር ነው፣ ከዚህ አትለፍ ማለት ነው። ከብት የሚጠብቅ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሃምሳ አለቃው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ ይህ ምንድነው አለኝ። ወገቤን ላሳርፍ ነው፣ ልቀመጥበት ነው አልሁት። አየኝና ወደ ጉሙ ተመለሰ። እስከ ወገቤ ከመርሁት። ቆንጆ ክምር ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ልቤን ደስ ያሰኘው ያ ነበር፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። ጉሙ የተገለጠው እኛ ወደ ቆላው ከወረድን በኋላ ነው።

ጦሩ ሲበተን እኔም በእግሬ ዳባት ገባሁ። ሸሚዙ የት እንደጠፋ አላውቅም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ንፋስ በር ላይ ከመንገድ እንዳትወጡ፣ ድንጋይ ተከምሮበታል፣ ከድንጋዩ ወዲያ እንዳትሉ ብዬ ነገርሁ። የዳባት ሰው ግን በንፋስ በር አያልፍም፤ የሚያልፈው የማዶው ሰው ነው። ማዶ ድረስ ሄጄ አልተናገርሁም። ለምን? እርሻ ነበረኝ፣ ደግሞም ድንጋዬ አለ ብዬ ነው። ድንጋዬን አምኜ ዓመት አለፈ፣ ከዚያም በላይ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ጨው ስገዛ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እንጉዳይ የምትባል የማዶ ሴት፣ ገና አዲስ ሙሽራ፣ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ወደ ገበያ ስትመጣ ፈንጂ እግሯን ቆረጣት አሉ። የት ቦታ ብዬ ጠየቅሁ። «ከመሳለሚያው» አለኝ አንዱ። ንፋስ በር ላይ መሳለሚያ የለም አልሁት። ሰውየው እንደ ሞኝ አየኝ። «አለ እንጂ። አንድ መነኩሴ ድንጋይ ከምረውበታል። ማዶ ሚካኤል ፊት ለፊት ወለል ብሎ ነው የሚታየው።»

ጨውን እዚያው ጥዬው ሄድሁ። መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲታየው ቆሞ ይሳለማል፣ ካለፈበት ድንጋይ አንስቶ ከክምሩ ላይ ያኖራል፤ በአገራችን ሁሉ ያለ ነው፣ እኔም ስንት ቦታ አድርጌዋለሁ። ገበሬው ንፋስ በር ላይ የተቆለለ ድንጋይ አየ፣ ቀና ሲል ሚካኤልን አየ፣ ሌላ ምን ያስብ? እኔ አትለፍ ያልሁበትን ቦታ እሱ ቁምና ስገድ ብሎ ተረዳው። ይህን ስሕተት ሌላ አገር ሰው አይሠራውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ እንደሚታይ በጉሙ ምክንያት አላወቅሁም፣ ከአሥራችንም ያወቀ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ከመንገዱ ሳይወጡ እየተሳለሙ፣ ድንጋያቸውን ከፊት እያኖሩ አልፈዋል። እንጉዳይ ግን ስለት ነበረባት። ልጅ እንዲሰጣት ልትለምን ነበር፤ ከፊት ያለው ሞልቶባት ድንጋይዋን ይዛ ከክምሩ ኋላ ዞረች።

ባሏ ዓመት ሳይሞላ ፈታት። እሷም ክራንች ይዛ ደባርቅ ወረደች፣ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪ ሆነች። ኋላ ጎንደር ወስደው ሰው ሠራሽ እግር ሰጧት፤ ብርድ ሲሆን ይቆረጥመኛል ብላ ክራንቹን ዛሬም አልተወችውም።

ከዚያ ዓመታት አልፈው ፈንጂ አምካኞች መጡ። በዚያን ጊዜ የዓለም አገሮች ተሰብስበው ሰው የሚቆርጥ ፈንጂ አይሠራ፣ አይከማች፣ አይቀበር ብለው ተፈራርመዋል፣ አገራችንም ፈርማለች ተባለ። እኛ ስንቀብር የከለከለን አልነበረም። አምካኞቹ የደረት ጥሩራቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን በመስታወት ሸፍነው፣ በጉልበታቸው እየሄዱ አንድ ስንዝር፣ አንድ ስንዝር ዳገቱን ፈተሹት። እኛ በሦስት ቀን የቀበርነውን እነሱ ወራት ፈጀባቸው። ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ የቀድሞ ወታደር ነኝ ብዬ ራሴ ሄጄ ነገርኋቸው። ሲጨርሱ ትሑት የሆነ ልጅ ቅጽ ይዞ እያነበበ ጠየቀኝ። ማን ቀበረው፣ በስንት ቀን፣ ምን ዓይነት። ሁሉን በእውነት መለስሁ። ከዚያ «ምልክት ነበረው?» አለኝ። ክምሩ ከፊታችን ነው። ሰዎች ጨምረውበት ከእኔ ቁመት በላይ ሆኗል። «አልነበረም» አልሁት። በሰማያዊ ቀለም አውራ ጣቴን አነካክቶ አሳተመኝ፣ የቅጹንም ግልባጭ ሰጠኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ለዚያ ወረቀት ነው ብል ማን ያምነኛል? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ አልሁ። መምህሯ ልጄ የምትሆን ናት፤ አያ ዳኘው፣ እርሳሱን እንደ ዶማ አይጨብጡት ትለኛለች። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ወረቀቱን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ም-ል-ክ-ት፤ አ-ል-ነ-በ-ረ-ም። ከሥሩ አውራ ጣቴ። የተናገርሁት ቀን ነፋስ የሚወስደው መስሎኝ ነበር። ይኸውና፣ ቁጭ ብሎ እስክማር ጠበቀኝ።

ከእንጉዳይ ሽንኩርት መግዛት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ለምን ከእሷ እንደምገዛ አትጠይቁኝ፣ ሌላ ዘንድ ስሄድ እግሬ አይታዘዘኝም። እሷ ደግሞ ቦታውን ለአምካኞች ያሳየሁ ሰው መሆኔን ስለሰማች ሁልጊዜ ሁለት ራስ፣ ሦስት ራስ ትጨምርልኛለች። ተይ ብላት አትተውም። ጨዋታ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ስለ ፈንጂ የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ፎቶ አንስተዋት ነበር፤ ፎቶዋ ውጭ አገር ትልቅ ስብሰባ ላይ ተሰቀለ ተባለ። «ፎቶዬ ፈረንጅ አገር ደርሷል፣ እኔ ጎንደርን አላለፍሁም» ትላለች። ያስጨነቃት ያደፈ ቀሚስ ለብሳ መነሳቷ ነው። ስለ እግሯ ግን ስታወራ ሌላ ሰው ናት። ሚካኤል እግሬን ወስዶ ነፍሴን ተወልኝ፣ እዚያ ክምር ሥር ባልወድቅ ገደል ነበር የምገባ፣ ድንጋዩ ነው ያቆመኝ ትላለች። ያንን ድንጋይ መጀመሪያ የከመሩትን አባት በጸሎቴ ረስቻቸው አላውቅም ትላለች። ይህን በየቅዳሜው ባይሆንም በየወሩ እሰማለሁ። ሽንኩርቴን ተቀብዬ፣ የተጨመረውንም ተቀብዬ እሄዳለሁ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት አግዳሚ ላይ እንጉዳይ፣ ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች፤ የደረሰባትን እንድትናገር ተጠርታ ነበርና መጀመሪያ የተናገረች እሷ ናት። ስለ ድንጋዩም ተናገረች፣ ስለ መነኩሴውም። እኔ ከኋላ በር ዳር ቆሜ ነው የሰማሁ። መቀመጫ ነበረ፣ እኔ ነኝ ያልተቀመጥሁ። ቀጥሎ ትዕግሥት የምትባል አሠልጣኝ ተነሳች፤ ወጣት ናት፣ ንግግሯ የጠራ። ያላወቃችሁትን ብረት አትንኩ፣ አትቅረቡ፣ ምልክት አድርጉበት፣ ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ አለች። ከዚያ ፖስተር ዘረጋች። ምልክት ማድረጊያው ተሥሎበታል። የድንጋይ ክምር ነው።

የዳባት ገበሬዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ፣ በርኖስ የለበሰ ሽማግሌ፣ ተነሥቶ እኛማ አድርገነዋል አለ። ማሳው ጥግ የወደቀ ያልፈነዳ የከባድ መሣሪያ ጥይት አለ፣ ልጆች እንዳይነኩት ብለን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ከምረናል። የት ጋ ነው አለችው፣ ልትመዘግብ። «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መውጫው ላይ ነው። የዛሬ ሳምንት ንግሥ ስለሆነ ሕዝቡ ሳይበዛ ብለን ነው የቸኮልን።»

እግሬ ቀድሞኝ ወደ ፊት ሄደ። ሌላ መንገድ ፈልጌ ነበር፤ ለልጅቷ ለብቻዋ ልንገራት አልሁ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ልስጣት አልሁ። ግን ገበሬዎቹ ገበያ ቀን ስላልሆነ ስብሰባው እንዳለቀ ይበተናሉ፣ ክምሩ ግን እዚያ ቆሞ የንግሡን ሕዝብ ይጠብቃል። ድንጋይ አትከምሩ አልሁ። ልጅቷ በትሕትና፣ አባባ፣ በየትም ዓለም የሚሠራበት ምልክት ነው አለችኝ። በየትም ዓለም ይሆን ይሆናል አልኋት፤ እዚህ ግን ቤተ ክርስቲያን በሚታይበት መንገድ ድንጋይ ከተከመረ ሰው ይጠጋዋል እንጂ አይሸሸውም። እንዴት አወቁ አለች። እንጉዳይን ሳላያት ነው የተናገርሁት።

«የንፋስ በሩን ክምር የከመርሁት እኔ ነኝ። መነኩሴ አልነበረም። ፈንጂውን ቀብሬ፣ እንዳይጠጉት ብዬ ከመርሁት፤ ሰዉ መሳለሚያ መሰለው። እንጉዳይ እግሯን ያጣችው በፈንጂዬ ብቻ አይደለም፣ በምልክቴም ነው።»

የሆነ ሰው አሳለ። ከኋላ አንዱ ምን አለ፣ ምን አለ ይላል። ሽማግሌው በርኖሱን ሰብስቦ ታዲያ ምን እናድርግበት ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ ባለሙያ። የእሾህ ቅርንጫፍ ጣሉበት አልሁት። አጥር ስትዘጋ የምትጥለው ነው። እሾህ የሚሳለም ሰው የለም። ሽማግሌው ይህ ልክ ነው አለ። ትዕግሥት ፖስተሩን ጠቅልላ አስቀመጠች፤ ከሰዓት በፊት ከመርሻ ዘንድ አንዱን ሰሌዳ መኪና ላይ ጭና ከገበሬዎቹ ጋር ዳባት ወረደች። ያቺን ልጅ ለዚህ አከብራታለሁ። አልተከራከረችም።

እንጉዳይ ከደጅ በክራንቿ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰው ሲወጣ በአጠገባችን እያለፈ ያየናል፣ ከዚያ አንገቱን ያዞራል።

«ድንጋዩን ስትከምር ሚካኤል አይታይህም ነበር?» አለችኝ።

«ጉም ነበር።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«ሦስቱንም ቀን።»

ክራንቿን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ለዚያ ሰውዬ ስንት ዘመን እንደጸለይሁ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስትነግሪኝ ነው የኖርሁ።»

«ሽንኩርት እየጨመርሁልህ።»

«እየጨመርሽልኝ።»

«በላኸው?»

«በላሁት።»

ከንፈሯ ሊስቅ ነበር፣ ግን አልሳቀም። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበርና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ብትሰድበኝ በወደድሁ። ሰው ሲሰድብህ መልስ ትፈልጋለህ፣ መልሱ ያንቀሳቅስሃል። እሷ ግን ጠየቀችኝ።

«አያ ዳኘው፣ የክርስትና ስምህ ማነው?» አለችኝ።

ምን ያደርግልሻል አልኋት።

«ገና አላወቅሁም። ወይ እጸልይልሃለሁ፣ ወይ ለሚካኤል እከስሃለሁ። ለሁለቱም ስም ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ 'እኒያ አባት' እያልሁ ነው የኖርሁ፤ ማንን እንደምል እሱም ግራ ገብቶት ይሆናል።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ጻፍልኝ፣ እረሳዋለሁ። ቄሱ ያነቡልኛል።»

ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ያው የቅጹ ግልባጭ ብቻ ነው፤ በታጠፈበት በታጠፈበት ተበልቷል። ግድግዳው ላይ አስደግፌው እርሳሴን አወጣሁ። መጀመሪያ ምልክት በሚለው ትይዩ ያለውን «አልነበረም» ሰረዝሁትና ከላዩ «ነበረ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ፊደል ናት፣ «በ» ግን ሰፋ ብላ ወጣች። ከሥር፣ ከአውራ ጣቴ አጠገብ፣ ወልደ ሰንበት ብዬ ጻፍሁ። እንጉዳይ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገልብጣ አየችው፣ ጣቷን ሰማያዊው የጣት አሻራ ላይ አኖረችና ይህ ያንተ ነው አለችኝ። የእኔ ነው አልኋት። አጣጥፋ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።

ሰሞኑን ሬዲዮ ስሰማ፣ ያን ጊዜ ከፈረሙት አገሮች አንዳንዶቹ ጎረቤት ፈርተው ከስምምነቱ እየወጡ ነው ይላል። ዘንድሮ ደግሞ ይቀበራል ማለት ነው፣ ዘንድሮም ደብተር የሚይዝ ሃምሳ አለቃ አለ ማለት ነው፣ እንደኔ ያለም ቆፋሪ። ካርታ አለን፣ ምልክት እናደርጋለን ይሉ ይሆናል። ጨርቁን አንስቶ ሬዲዮውን የሚያለብስልኝ ባገኝ በወደድሁ፤ ያቺ ሻይ ሻጭ ብልህ ነበረች። አላጠፋሁትም ግን። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ እንደገና ወጣሁ።

የዳባቱ ንግሥ በሰላም ዋለ። ያልፈነዳውን ጥይት በንግሡ ማግሥት አምካኞች መጥተው አነሱት አሉ። ለሚካኤል ዕለት እንጉዳይ ወደ ማዶ ሚካኤል ባጃጅ ኮንትራት ይዛ መንገዱ እስከሚያስኬድ ሄደች፣ የቀረውን በበቅሎ። እኔ መናኸሪያው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስትሄድም ስትመለስም አየኋት፤ እሷ አላየችኝም፣ ወይም አላየሁህም አለች።

ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ። እንደ ወትሮው ሁለት ኪሎ አልኋት። መዘነች። ሚዛኑ ተስተካክሎ እስኪቆም ጠበቀች፣ አንድ ራስ ትርፍ ብትሆንባት አንስታ ወደ ክምሯ መለሰችው፣ ልኩን አቀበለችኝ። ስለ ሌላ ነገር አልተናገርንም። ስቀበላት ዓይኔ ወደ ወገቧ ሄደ። የመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ እንዳለ ነው፣ አልተፈታም።